ማሩ የሚታወቅ የአናናስ ጠጅ

እንደ ሌላው ስደተኛ በሌሊት ተደብቄ አልወጣሁም። ከቤት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የመንደሩ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ እያየኝ፣ ግማሹ «አይዞሽ» እያለ፣ ግማሹ ደግሞ «ምን አጣሁ ብላ ነው» እያለ። ምን እንዳጣሁማ ታውቃላችሁ። ባሌ አስረስ ታሞ ከሞተ ወዲህ መሬቱ በወንድሞቹ እጅ ገባ፤ እኔና ልጄ ዙፋን ደግሞ ከእህቴ ከሙሉ ቤት ገባን። ሙሉ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ያስቸገረኝም እሱ ነው፤ ፊቷን ብታጠቁርብኝ ኖሮ ተጣልቼ እወጣ ነበር። ደግ ሰው ቤት ግን እየተሳቀቁ መኖር ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል።

ዙፋንን ይዣት እንዳልሄድ የከለከለችኝ ሙሉ ናት። «መጀመሪያ ማደሪያ ያዢ። ልጅ ይዘሽ በረንዳ ልታድሪ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ዙፋን መኪናው እስኪመጣ ቀሚሴን ጨብጣ ቆመች፤ መኪናው ሲመጣ እኔን ለቀቀችና የሙሉን ቀሚስ ያዘች። «ማደሪያ እንዳገኘሁ መጥቼ እወስድሻለሁ» አልኳት። 

ከልብሴ ሌላ የያዝኩት አንድ ቢጫ ጀሪካን ማር ነው። አስረስ ከመታመሙ በፊት የቆረጠው የመጨረሻው የአደይ ማር ነው። ዙፋን ስትዳር የአባቷን ማር ጠጅ ጥዬ ለሠርጓ አቀርባለሁ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ሙሉ ቤት ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን እህቴን አውቃታለሁ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ትንሽ ቅመሱ» እያለች ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ጭኔ ላይ አድርጌው መኪና ገባሁ።

መንገዱ ላይ በየኬላው ያስወርዱናል።

«ጀሪካኑ ውስጥ ምንድን ነው?» ይላል ፈታሹ።

«ማር።»

«ነዳጅ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ቅመሰዋ።»

ይቀምሳል። ከዚያ ጓደኛውን ይጠራል፣ «ና እስቲ አንተም አረጋግጥ» ይለዋል። ጓደኛውም ያረጋግጣል። አንድ ኬላ ላይ ዳቦ ይዞ መጥቶ ያረጋገጠ አለ። አባይ በረሃ ልንወርድ ስንል ክዳኑን በአሮጌ ጨርቅ ጠመጠምኩና «ለእግሬ በሽታ የተሰጠኝ ቅባት ነው» ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካብኝም።

አውቶቡስ ተራ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እግሬ መሬት ሳይነካ አንዱ ፌስታሌን፣ አንዱ ጀሪካኔን ያዘው። «የት ነሽ እናቴ? አልጋ ነው? ሥራ ነው? ዓረብ አገር ነው?» ይሉኛል። አዲስ አበባን በቅጡ ሳላያት ዓረብ አገር ሊልኩኝ። ጀሪካኑን ነጥቄ በሁለት እጄ አቀፍኩና «ቤት ነው የምፈልገው» ብል ሳቁብኝ። እኛ አገር ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ ከብቱንም ልጁንም አዝመራውንም ጠይቆ ነው የሚጨርሰው። መርካቶ ግን «ሰላም ነው?» ብሎሽ መልሱን ሳይሰማ አልፎሽ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ዞር ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» እል ነበር፤ የምመልሰው ግን ለማላውቀው ሰው ጀርባ ነበር።

አንድ ደላላ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ወዳለ ግቢ ወሰደኝ። ባለቤቱ ጋሼ ከድር ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከፊት፣ መጋዘናቸው ከኋላ ነው። ከመጋዘኑ ጎን ለኪራይ የሠሯት የቆርቆሮ ክፍል አለች።

«ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«እኔ ብቻ ነኝ ጋሼ።»

«ልጅ የለሽም?»

«አንዲት አለችኝ። አገር ቤት ናት።»

«ልታመጫት ነው?»

«እግዜር ሲፈቅድ።»

«እሱ የፈቀደ ዕለት ትወጫለሽ። እኔ የማከራየው ለአንድ ሰው ነው። እዚህ ከሰል አይያያዝም፣ ቅመሜ ላይ ጢሱ ይገባል። ልብስ አይታጠብም። ውሃም የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።»

«ልብስ ካልታጠበ ውሃው ሲመጣ ምን ይደረግበታል?»

«እኔ አጠራቅመዋለሁ» አሉ፣ ቀልድ ሳይኖርበት።

መታወቂያ ስላልጠየቁኝ ለጊዜው እዚያው ገባሁና፣ ዙፋንን የምታስገባ ክፍል ሌላ ቦታ ፈለግሁ። ያገኘኋቸው አከራዮች ሁሉ የአዲስ አበባ መታወቂያ አምጪ አሉኝ፤ ለመታወቂያው ደግሞ ከአገር ቤት መሸኛ ያስፈልጋል። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ወረዳ ሄጄ ተሰለፍኩ።

«መሸኛሽን» አለኝ ወጣቱ፣ ቀና ሳይል።

«የለኝም ወንድሜ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ሄጄ ላመጣ አልቻልኩም።»

«መንገዱ ከተዘጋ አንቺ በምን መጣሽ?»

«ሳይዘጋ ነው የመጣሁት።»

«ሳይዘጋ ለምን ይዘሽ አልመጣሽም?»

«እንደሚዘጋ አላወቅሁማ።»

«እኛም አላወቅንም» አለና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። እንግዲህ በዚህ ተግባብተን ተለያየን።

ሥራ ያገኘሁት ከጋሼ ከድር ግቢ በቆርቆሮ አጥር ከሚለየው ጠጅ ቤት ነው፤ የእትዬ አስካለ ጠጅ ቤት። እትዬ አስካለ የሸዋ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ከመርካቶ ጫጫታ በላይ የሚሰማ። እኔ ብርሌ አጣቢ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የብርሌ አንገት ውስጥ ብሩሽ ሳስገባ እውላለሁ፤ ማታ እጄ ይሸበሸባል። ጠጅ የምትጥለዋ ልጅ ዓረብ አገር ስትሄድ እትዬ አስካለ ተጨነቁ። እኔም ሳልጠየቅ «እኔ እችላለሁ፣ ከእናቴ ነው የለመድኩት» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ሆኖም ሌላ ሰው አልነበራቸውም። የጣልኩላቸው ጠጅ ተወደደ። መንገዱ በኋላ ተከፈተ፣ እኔ ግን ደርሼ መሸኛ የማመጣበት ገንዘብ ስላልነበረኝ ልጄን የማስገባበት ክፍል እንዳማረኝ ቀረሁ።

ጥር ሲቃረብ አንዲት ሴትዮ መጡ። ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው።

«የአናናስ ጠጅ ነው የምፈልገው» አሉ። «ወጣቶቹ እሱን ነው የሚወዱት። ግን ማሩ ይታወቅ። ባለፈው የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ የጠጣነው ጁስ ነው። የጠጅ ስም ያለው ጁስ ካቀረባችሁልኝ እዚያው ሠርጉ ላይ ነው የማዋርዳችሁ።»

ሴትዮዋ ሲወጡ እትዬ አስካለ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጓሮው ውስጥ የቀድሞዋ ጠጅ ጣይ ትኖርበት የነበረ ክፍል አለ፤ ግድግዳው በጭቃ የተለሰነ፣ አንድ መስኮት ያለው። በሩን ከፍተው አሳዩኝ።

«ይርገዱ፣ ስሚኝ። ይሄ ጠጅ ከሰመረ ክፍሉ ያንቺ ነው። መታወቂያ አልጠይቅሽ፣ ኪራይ አልጠይቅሽ። ልጅሽን አምጪ። ካልሰመረ ግን ሌላ ጠጅ ጣይ ነው የማስመጣው፣ ክፍሉም የእሷ ይሆናል። አንቺ ወደ ብርሌሽ።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ዓይኔ ግን ክፍሉ ውስጥ አልጋ ወዲህ ሳደርግ ወዲያ ሳደርግ ነበር። ዙፋን በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል።

አናናስ የሚባል ነገር እጄ የነካው ያን ጊዜ ነው። እኛ አገር ኮክ አለ፣ ሎሚ አለ፣ ትርንጎ አለ። አትክልት ተራ በማለዳ ሄድኩ፤ መኪኖች ይራገፋሉ፣ ጋሪ የሚገፉት «ዞር በሉ» እያሉ ይጮኻሉ፣ መሬቱ በቲማቲም ጭማቂ ያዳልጣል። ነጋዴው አንዱን ሲሰጠኝ እሾሁ ወጋኝ። «ላይ ላዩን አይደለም እናቴ፣ ቂጡን ነው የምታሸቺው፤ የበሰለው እዚያ ነው የሚሸተው» አለኝ። አሸተትኩት፤ ጣፋጭነቱ አፍንጫዬን ሞላው። ይሄ ነገር ማርን አፍ አያስከፍትም ብዬ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጠጁን የጣልኩት እናቴ እንዳስተማረችኝ ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈተግሁ፣ በወይራ አጠንኩ። እትዬ አስካለ ያስመጡትን ማር ቀመስኩት፤ ስኳር ያልነካው ንጹሕ ማር ነበር። በሞቀ ውሃ በጠበጥኩት፣ ሰፈፉን ገፈፍኩ፣ የጌሾውን እንጨት ጨመርኩ። አናናሱንም አጥቤ ከነልጣጩ ከትፌ አብሬ ከተትኩ፤ ጌሾ ከነቅርፊቱ ይገባ የለ። ከዚያ ጋኑን በጋቢ ጠቅልዬ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው።

በነጋታው ይንፈቀፈቅ ጀመር። ግቢው ማር ማር ሸተተ። ጠጪው ገና በር ላይ ሆኖ «ዛሬ ምን ጣላችሁ?» ይላል። እትዬ አስካለ ደስ ብሏቸው የጓሮውን ክፍል ጠረጉት። አገር ቤት የአንዷ ጠጅ ጎረቤት ድረስ ከሸተተ «እጇ ጥሩ ነው» ትባል የለ፣ እኔም ኮራሁ። ለሙሉ ደውዬ «ዙፋንን አዘጋጂልኝ» እስከማለት ደረስኩ።

ሲያልቅ አጠለልነው። እትዬ አስካለ በብርሌ ቀዱና ጎንጨት አሉ። ፊታቸው አልተለወጠም፤ ብርሌውን ብቻ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ቅመሺው» አሉኝ።

ቀመስኩት። አናናስ ነበር። ምላስ የሚፍቅ፣ የልጣጭ ምሬት ያለበት አናናስ። ያ ሁሉ ማር ገብቶበት የማር ጣዕም የሚባል ነገር አልነበረውም። እንደገና ቀመስኩት፤ እንደገና የለም። 

«ማሩን የት አደረግሽው?» አሉኝ።

«እዚያው ነው የከተትኩት እትዬ፣ እርስዎም አይተዋል።»

«እኔማ ሲገባ አይቻለሁ። አሁን የት እንዳለ ነው የምጠይቅሽ።»

 ወደ ክፍሌ ስሄድ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ መንገዱን አላይም ነበር። ጋሼ ከድር መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ሠራተኛቸውን ይቆጡ ነበር፤ የቅርንፉድ ጆንያ አፉን ሳይቋጥር አሳድሯል።

«ደስ ብሎት ሱቁ ሸተተ ይለኛል» አሉኝ፣ እኔን እንደ ዳኛ እያዩ። «ሱቁ ሲሸት ምን ማለት ነው? ከጆንያው እየወጣ ነው ማለት ነው። ሰው የሚገዛኝ ከጆንያው ነው እንጂ ከአየሩ ነው?» ከዚያ ወደ አጥሩ አመለከቱ። «እናንተስ ብትሆኑ። ሰሞኑን ሰፈሩን ሁሉ ማር አጠገባችሁት። እኔ እንኳ ጠጅ የማልቀምሰው ማሩን በአፍንጫዬ ጨረስኩላችሁ።»

ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። እኔ የኮራሁበት ሽታ፣ ጠጪው ያመሰገነው ሽታ፣ ከጋኑ እየወጣ የሚሄደው ማር ነበር። የእናቴ ቤት ደጋ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውሃው ጥርስ ይነቅላል፣ ጋኑ ካልተጠቀለለ ጠጁ እንቅልፍ ይዞት ይቀራል። እዚያም ተጠቅልሎ እንኳ ቀስ እያለ ነው የሚሠራው፣ ሽታውም አንዳንዴ ብቻ ነው ሽው የሚለው። እዚህ ግን የጥር ፀሐይ ቆርቆሮውን ያግለዋል፣ ከጎኑ ቀኑን ሙሉ ወጥ ይንተከተካል። እኔ ደግሞ በዚህ ላይ ጋቢ ደረብኩለት። እናቴ የጠቀለለችበትን ምክንያት አገር ቤት ትቼ ጋቢውን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። እናንተም እንደኔ ተሰዳችሁ የመጣችሁ፣ በዚህ ከሳቃችሁብኝ እስቲ ጓዛችሁን ፈትሹ።

ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። «እንደገና ልጣለው» አልኩ።

«በምን ማር? ሌላ ጥሩ ማር የለኝም። አሁን ገበያ ላይ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ስኳር የበላ ነው። ጊዜውም ለአንድ ጋን ብቻ ነው የሚበቃው። እሱንም ካበላሸነው ሌላ ዕድል የለም።»

«ማር አለኝ» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ ልቤ ገና አልፈቀደም ነበር።

ክፍሌ ገብቼ ጀሪካኑ ፊት ተቀመጥኩ። ክዳኑን ስከፍተው አስረስ ቆረጣ ውሎ ሲመጣ የሚሸተው ሽታ ወጣ። ብዙ አለቀስኩ። ለዙፋን ሠርግ ያስቀመጥኩትን ለማላውቀው ሰው ሠርግ ላጠጣው ነው። ግን ዙፋን ለአቅመ ሠርግ ደርሳ ነው ወይስ አሁን ነው እናቷ የምታስፈልጋት? እኔ አሁን ነው አልኩ። ተነሥቼ ጀሪካኑን ተሸክሜ ወጣሁ።

በዚህኛው ጊዜ ውሃውን አፍልቼ ካቀዘቀዝኩት በኋላ ነው ማሩን የበጠበጥኩት። ማሩን ሁሉ አልከተትኩም፤ ከፊሉን ለመጨረሻ አስቀረሁ። ጌሾውን ቀነስኩ። አናናሱን ጭራሽ አላስጠጋሁትም። ጋኑን ከወጥ ቤት አስወጥቼ ፀሐይ በማያየው የጓሮ ጥግ ሳፋ ውስጥ አቆምኩትና ዙሪያውን በረጠበ ጆንያ ሸፈንኩት። ጆንያው በደረቀ ቁጥር አርጥበዋለሁ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ጠጁ ጸጥ አለ። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ብለጥፍ ከሩቅ እንደሚንሾካሾክ ሰው ትንሽ ትንሽ ድምፅ ነው የምሰማው። ሽታ የሚባል የለም። እትዬ አስካለ ጠዋት ይመጣሉ፣ ያነፈንፋሉ፣ ይሄዳሉ። ከሰዓት ይመጣሉ፣ ያነፈንፋሉ፣ ይሄዳሉ።

«አይሸትም» አሉኝ አንድ ቀን።

«እንዳይሸት ነው እትዬ።»

«የማይሸት ጠጅ በሕይወቴ አላየሁም። ሞቷል ይሄ።»

«አልሞተም። ጆሮዎን ያስጠጉ።»

«ጠጅ በጆሮ አይጠጣም» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ውሃ ጠፋ። ጆንያዎቹ መድረቅ ጀመሩ፣ ፀሐዩም ያን ቀን ብሶበት ነበር። ጋኑን ስነካው ለብ ብሏል። ባልዲ ይዤ ጋሼ ከድር ዘንድ ሮጥኩ። ያጠራቀሙት ውሃ በበርሜል ሞልቶ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ውሃ ይስጡኝ።»

«ለምንድን ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። «ጆንያ ላረጥብበት ነው። የጠጁን ጋን የሸፈንኩበትን።»

ጋሼ ከድር ባልዲዬን አዩ። መስጊድ ሊሄዱ ኮፍያቸውን አድርገዋል። «ስለ ጋን አትንገሪኝ። ጋን አልሰማሁም። ጆንያ ነው ያልሽኝ?»

«ጆንያ ነው።»

«ጆንያ ማርጠብ ምንም የለበትም» አሉና በርሜሉን ከፈቱልኝ። ውሃው እስኪመለስ ድረስ ባልዲዬን ሳይጠይቁ ይሞሉልኝ ነበር። «ጆንያሽ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

ባልዲውን ይዤ አንድ ቀን ስመለስ እትዬ አስካለ ጆንያዎቹን ገፈው፣ ጋቢ በእጃቸው ይዘው አገኘኋቸው። የወጥ ቤቷ ሠራተኛ ጋኑን ወደ ምድጃው ለመውሰድ ጎንበስ ብላለች። ባልዲውን ጥዬ በመካከል ገባሁ።

«እትዬ፣ አይንኩት።»

«ተዪ ብያለሁ ይርገዱ። ቤቴ ነው፣ ስሜ ነው። ሴትዮዋ መጥታ ስትሰድበኝ አንቺ አይደለሽም የምትሰደቢው።»

«ማሩ የባሌ ነው» አልኩ።  «የሞተው ባሌ ነው የቆረጠው። ሌላ የለኝም፣ ሌላም አይቆርጥልኝም። ከተበላሸ በእኔ እጅ ይበላሽ። እርስዎ ካሞቁት ግን ዕድሜ ልኬን አልረሳልዎትም።»

እንዲህ አድርጌ ሰው ተናግሬ አላውቅም። እትዬ አስካለ ጋቢውን ክንዳቸው ላይ አደረጉ። የአስረስን ነገር ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

«ውሃውን ደፋሽው» አሉኝ በመጨረሻ። «ሂጂ ሌላ አምጪ።» ጆንያዎቹን ራሳቸው መልሰው ከደኑ።

ጋኑ ሥራውን ሲጨርስ አጠለልኩት። አናናሱን አሁን ነው ያመጣሁት። ልጣጩን ጥዬ ሥጋውን ብቻ ከተፍኩ፣ በንጹሕ ሻሽ ቋጥሬ ጠጁ ውስጥ አንጠለጠልኩት። በየጊዜው እቀምሳለሁ። ልክ አናናሱ «መጣሁ» ሲል ሻሹን አወጣሁት። ማሩ አለ፤ ግን ገና ከኋላ ቆሞ ነበር። ያስቀረሁትን ማር መጨመር ነበረብኝ። ቶሎ ከጨመርኩት በዚህ ሙቀት እንደገና ይነሣና ይበላዋል፤ ካዘገየሁት ደግሞ ሳይዋሃድ ለሠርጉ ይደርሳል። እትዬ አስካለ «አሁን ጨምሪ» ይላሉ፣ እኔ «ቆይ» እላለሁ። ጠጁን ሊወስዱ በሚመጡበት ዕለት ማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቅ ጨመርኩት። ቀስ ብዬ አማሰልኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። ከዚያ በኋላ ማድረግ የምችለው ነገር ስላልነበረ ብርሌ ማጠብ ጀመርኩ።

የሙሽራው እናት ራሳቸው መጡ። ተቀምጠው ብርሌውን ተቀበሉ። ጎንጨት አሉና አፋቸው ውስጥ ያዙት። እኔ በሩ ጥግ እርጥብ እጄን ቀሚሴ ላይ እጠርጋለሁ።

«ማር ነው» አሉ ሴትዮዋ። ደገሙት። «ማር ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው አናናሱ የሚመጣው። የየት አገር ማር ነው?»

«የጎጃም» አልኩ።

«ጎጃም ሰፊ ነው። የማን ማር ነው?»

«የባሌ ነው።»

«ለትንሹ ልጄም ሠርግ እንዲያዘጋጅልኝ ንገሪው።»

ለሠርግ ሲደገስ የሞተ ሰው ስም አይነሣም። «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኩ። ጓሮ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ።

እትዬ አስካለ ቃላቸውን አላጠፉም። በዚያው ሳምንት ወደ ጓሮው ክፍል ገባሁ። ጋሼ ከድር ስሰናበታቸው «ጆንያሽን እንዳትረሺ» አሉኝ። አልጋ አስገባሁ፣ ለዙፋን አዲስ አንሶላ አነጠፍኩ፣ በመስኮቱ በኩል እንዳሰብኩት። ከዚያ ለሙሉ ደወልኩ።

«ክፍል አገኘሁ» አልኳት። «የራሴ ነው። መጥቼ ልወስዳት ነው።»

 «እሰይ» አለች። «እሰይ እህቴ። ልብሷን እኮ አጥቤ አጣጥፌ ነው ያስቀመጥኩት። ከደወልሽ ጀምሮ።» ከዚያ ዙፋንን ጠራችልኝ።

«እማ» አለችኝ ዙፋን። ድምጿ ወፈር ብሏል፤ ልጅ ሲያድግ በስልክም ይታወቃል ለካ። ስለ ክፍሉ ነገርኳት፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ። 

«እማ» አለች፣ «እኔ ወዳንቺ ስመጣ እታታ ሙሉ ከማን ጋር ትተኛለች?»

ምን ልበላት? እህቴ ልጅ የላትም። እኔ ማደሪያ ስፈልግ፣ ጠጅ ስጥል፣ ውሃ ስለምን፣ እነሱ ሁለቱ በአንድ አልጋ ሲተኙ ከርመዋል። ሙሉ ስልኩን ነጥቃት «ተዪአት፣ ልጅ ናት፣ የምትለውን አታውቅም። መጥተሽ ውሰጃት» አለችኝ። ቃሉን ሳትጨርስ ድምጿ ተሰበረ።

«ትምህርቷ መሀል ነው» አልኩ። ይህን ልል አላሰብኩም ነበር። «ሰኔ ላይ፣ ሲዘጋ።»

«ሰኔ ይሻላል» አለች ቶሎ ብላ። «አዎ፣ ሰኔ ይሻላል።» ደስታዋን ልትደብቅ ሞከረች፣ አልቻለችም። አልተቀየምኳትም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባልተተኛበት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ልጄ ናፍቃኛለች፣ ናፍቆቱ ሌላ ሥራ አላሠራኝ ብሏል። እህቴ ደግሞ በባዶ ቤት ማታ በሯን ስትዘጋ ይታየኛል። ይህን የምጽፍላችሁ ሰኔ ገና ሳይመጣ ነው። እንዲመጣ እለምናለሁ፣ እንዳይመጣም እለምናለሁ።